ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ግቡ

እንደምን አደራችሁ! ጃኬት ያላችሁ እንዳታወልቁ፤ ደብረ ብርሃን ናችሁ።

ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ስለ ከተማው ትንሽ ንገራቸው ተብዬ ነው የቆምኩት። ስለ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ስለ ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሌሎች ይነግሯችኋል። እኔ የማወራው ስለ ሰፈር ጀበና ቡናና ስለ ትንንሽ ካፌዎች ነው። ምክሬም አንድ ነው፦ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ግቡ።

ምክንያት አለኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ከተማችንን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ዳር ዳሩን ያሉት ካፌዎች ያምራሉ፤ መስታወት፣ ኬክ፣ ሙዚቃ፣ ሁሉ አለ። ግን ብዙው ደንበኛ መንገደኛ ነው። ማኪያቶውን ጨለጥ አድርጎ ወደ ደብረ ሲና ይነዳዋል። ቡናው ቢቀጥን ማን ተመልሶ ይቆጣል? ውስጥ ሰፈር ጀበና የጣደችው ሴትዮ ግን ጠዋት የጠጣው ሰው ነው ከሰዓትም የሚመጣላት፣ ደግሞ ጎረቤቷ ነው፣ ደግሞ የዕድር አባል ነው፤ አንድ ቀን ቡናዋ ቢከሽፍ በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። (የአስፋልቱ ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። ከባለቤቶቹ ጋር እንዳታጣሉኝ።)

እንዴት ትመርጣላችሁ? ወንበሩን አትዩ፣ አፍንጫችሁን ተከተሉ። ቡናው እዚያው ታጥቦ የሚቆላ ከሆነ ግቡ። ተፈጭቶ በፌስታል የሰነበተ ከሆነ ሽታው አልቋል። ከሰል እስኪመስል የጠቆረ ደግሞ ምሬት እንጂ ጣዕም የለውም።

አሁን ወደ ፈሉ እንምጣ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም፤ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ከሸዋ ሮቢት የመጣችሁ ልዩነቱ ይገባችኋል፣ ቆላ ነው አገራችሁ። ስለዚህ ጀበናው ቢገነፍልም ቡናው ገና ሊሆን ይችላል። ጎበዟ ጀበናውን ታወርዳለች፣ መልሳ ትጥዳለች፣ ከዚያ እስኪጠል ትጠብቃለች። እናንተም ጠብቁ። «ቶሎ በይ፣ ክላስ አለኝ» ብላችሁ ያስቀዳችሁት ቡና አተላው ጥርሳችሁ ላይ ነው የሚቀረው።

ከጎን ቆሎ ከቀረበ አትለፉት። ፈንዲሻ የትም አለ፤ ገብሱ ግን የዚህ አገር ነው።

ማሽን ቡና ለምትወዱ፣ ማኪያቶ እዚህ ሞክሩ። አካባቢው የወተት አገር ነው፤ ወተቱ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ጠቆር ይበል ወይ ነጣ ይበል፣ ቀድማችሁ ተናገሩ። በጾም ቀን ብዙው ሰው ወደ ጀበናው ስለሚዞር፣ ረቡዕና አርብ በርጩማ ለማግኘት ቀደም በሉ።

ደግሞ ይሄ ሁሉ ቡና በሸዋ ከጥንት የነበረ እንዳይመስላችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሸዋ ክርስቲያኖች ዘንድ ቡና የሙስሊም መጠጥ ተብሎ ይነወር ነበር። ነገሩ የላላው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። እሳቸው ደግሞ የአካባቢው ልጅ ናቸው፤ በ1836 ዓ.ም. እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ ነው የተወለዱት። ዛሬ ቅዳሴ ሲወጣ ስንቱ ሰው በቀጥታ ወደ ጀበናው እንደሚሮጥ እሁድ ወጥታችሁ እዩ።

ሁለት ነገር ልለምናችሁና ልውረድ። በአንድ ስኒ ቡና ላፕቶፕ ዘርግታችሁ ግማሽ ቀን አትቀመጡ፤ ቤቱ አራትና አምስት በርጩማ ነው ያለው፣ እናንተ ስትቀመጡ ሌላ ደንበኛ ቆሞ ይመለሳል። ዱቤም አትልመዱ። እናቶች «አይ፣ ተማሪ ነው» ብለው ዝም ይላሉ፤ የቡናውና የከሰሉ ዋጋ ግን ዝም አይልም።

አሁን የሻይ እረፍት ነው አሉኝ። እዚህ የቀረበው የፔርሙዝ ቡና ነው፣ አዘጋጆቹ ይቅር ይበሉኝና። ከግቢው በር ጀርባ ባለው ኮብልስቶን ገባ ስትሉ ግን አንዲት እናት አሁን እየቆሉ ነው። ጥያቄ ያለው እዚያ ያግኘኝ። ሂሳብ የየራሳችን ነው!