ዝናብ ሲመጣ ዲሹን ምን ነካው?

የአድማጮች ጥያቄና መልስ። መልስ የሚሰጡት በመርከብ ራዳር፣ በኋላም በሳተላይት ዲሽ ሥራ የቆዩ ባለሙያ ናቸው።

ከፒያሳ፦ ዝናብ ሲጥል ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ጣሪያ ወጥቼ ዲሹን ነካ ነካ ሳደርገው ይመለሳል። ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ የተመለሰው ዝናቡ ስላባራ እንጂ እርስዎ ስለነካኩት አይደለም። ሲግናሉ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ባዶ ሕዋ በሰላም ያቋርጥና የሚሸነፈው በመጨረሻዎቹ አራት አምስት ኪሎ ሜትሮች ነው። የሞገዱ ርዝመት ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሐምሌ ዶፍ ጠብታ ለእንዲህ ያለ ሞገድ ቀላል እንቅፋት አይደለም፤ ይመጠዋል፣ ይበትነዋል።

አሁን ግን ልቆጣ ነው። ይህ ጥያቄ በየክረምቱ ይመጣል፤ እኔም ጠያቂው ከየት ወርዶ እንደደወለ አውቃለሁ። የረጠበ ቆርቆሮ ሳሙና ነው። ዲሹ የቤቱ አናት ላይ የቆመ ብረት ነው፤ ሰማዩ እያጓራ እሱን አቅፎ መቆም ምን ይሉታል? የመብራት ሽቦ በክንድ ርቀት ያለፈበት ጣሪያስ ስንት ነው! ልጅ ከታች «መጣ! ሄደ!» ይላል፣ አባት ከላይ ይንሸራተታል፤ ሁሉም ለአንድ የእግር ኳስ ጨዋታ። ደግሞ በዝናብ ያዞሩት ዲሽ ፀሐይ ሲወጣ አቅጣጫውን ስቶ ያገኙታል። ያን ጊዜ ለዲሽ ገጣሚ ይከፍላሉ። ቡና ያፍሉ፣ ይጠብቁ። ጣሪያ አይውጡ።

ከመርካቶ፦ ኤል ኤን ቢውን፣ ዲሹ ፊት ያለውን ሲግናል ተቀባይ፣ በፌስታል ብሸፍነውስ?

ፌስታሉ ውኃ ያቁርበታል፤ ያ ውኃ ከዝናቡ ይብሳል። ያንሱት፤ ጣሪያው ሲደርቅ ታዲያ።

ከአራት ኪሎ፦ ሁለት ዲሽ አለኝ፤ ለኢትዮሳትና ለናይልሳት። ናይልሳት ቀድሞ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለችው የኢትዮሳት ሳተላይት ከአዲስ አበባ ስትታይ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ወደ አናታችን ትጠጋለች። ናይልሳት በምዕራብ በኩል ከአድማስ 37 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ሲግናሉ አግድም ስለሚመጣ ዝናቡ ውስጥ ረጅም መንገድ ይጓዛል።

ከካዛንቺስ፦ በመስቀል ሰሞን፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ረፋድ አምስት ሰዓት ገደማ ኢትዮሳት ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋብኛል።

ፀሐይ በሳተላይቷ ጀርባ ስታልፍ ነው። በመጋቢትም ይደገማል። ለዚህም ጣሪያ አይወጣም።

ከለገሃር፦ ልጄ መርከበኛ ነው። ቀይ ባሕር ላይ ራዳሩ ከአድማስ ማዶ ያለውን ያሳየናል ይላል። ያጋንናል?

አያጋንንም፣ እናቴ። ከባሕሩ የሚተነው እርጥበት ውኃው ላይ በስሱ ይተኛል፤ ከዚያ ከፍ ሲል አየሩ ቶሎ ይደርቃል። በዚህ ልዩነት የራዳሩ ጨረር ወደ ታች ይጎብጥና በቱቦ ውስጥ እንዳለ ውኃ ርቆ ይሄዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምቤይ የነበረ ራዳር ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀውን የአረቢያን ምድር አሳይቷል። ማዕበል ሲነሳ ግን የውኃው ነጸብራቅ ስክሪኑን ይሞላውና ትንሽ ጀልባ እዚያው ውስጥ ትጠፋለች፤ እኔም በወጣትነቴ አንዷን በዓይኔ ካየኋት በኋላ ነው ስክሪኑ ላይ ያገኘኋት። ጭጋግ ለራዳር ምንም አይደለም። ሙቀትን የሚያየውን የኢንፍራሬድ ካሜራ ግን ያሳውረዋል፤ የጭጋግ ጠብታ መጠን ካሜራው ከሚያየው ሞገድ ርዝመት ጋር ይቀራረባልና። ልጅዎ አንዱን መሣሪያ ብቻ አይመን፤ በዓይኑም ይመልከት።

ከልደታ፦ በረንዳ ላይ ያለውን ዲሽ ስነካው ይነዝረኛል። ከዝናቡ ነው?

አይደለም። አይንኩት፤ ልጆችን ያርቁ። በደረቅ እጅ የሪሲቨሩንና የቴሌቪዥኑን ሶኬት ይንቀሉ፤ የዲሽ ገጣሚ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ዛሬውኑ ይጥሩ።