ከአልጋ ሥር የወጣው ሜዳሊያ

የተከበራችሁ የቃኘው ዘማቾች፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣

አያቴ ኮሪያ መዝመታቸውን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሮጬ ሄጄ ስጠይቃቸው ከአልጋቸው ሥር ሳጥን ጎተቱ። በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ሜዳሊያ አወጡ። አሳዩኝና መልሰው ጠቀለሉት። «ለሰው እንዳታወራ» አሉኝ። ደርግ ከወደቀ ዓመታት አልፈዋል። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃቸውም።

የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲነሳ እንዲህ አልነበረም። የሸኙት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ናቸው። ስሙ የመጣው ከአባታቸው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ አባ ቃኘው። ጣሊያን ሲወረን ዓለም ቆሞ አይቶናል። ሰሜን ኮሪያ ደቡብ ኮሪያን ስትወር፣ እኛ ሌላው ሲወረር ቆመን አናይም ተባለና ልጆቻችን ሄዱ። በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ የደቡብ ኮሪያ ወደብ ፑሳን። በረዶ አይተው የማያውቁ ልጆች በዚያ ብርድ ተራራ ለተራራ ተዋጉ። ከ120 በላይ ወደቁ። አንድም አልተማረከም። እኔን ከዚህ ሁሉ የሚነካኝ ግን ሌላ ነው። የወደቀ ጓደኛቸውን እዚያው ጥለው አልተመለሱም።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነ። በ1977 የተመረቀው የትግላችን ሐውልት እንኳ በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራ ነው። አያቴ በጥቁር አንበሳ በኩል ሲያልፉ ቀና ብለው አያዩትም ነበር።

ግን እኮ ያ ሐውልት የቆመው በሶማሊያ ጦርነት ለወደቁት ነው። እነሱም የእኛው ልጆች ናቸው። ተራቸው ደርሶ እነሱም ተረሱ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን «የደርግ ወታደር» ተባሉ። እግሩን ግንባር ላይ ትቶ የመጣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲለምን ያላየ ከመካከላችን ማን አለ? አንጀቴን የሚበላኝ ይኼ ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የምናከብረውን ወታደር እንለውጣለን። እነዚህን ልጆች ግን ከቤታቸው ያወጣቸው ጥሪ አንድ ነው። ኢትዮጵያ ነው የተባሉት።

የደቡብ ኮሪያዋ ቹንቾን ከተማ በ1960 ለቃኘው ሐውልት አቁማለች። እስከ ዛሬ ትንከባከበዋለች። እኛም አሁን አሁን እየነቃን ነው። አያቱን በስልኩ እየቀዳ የሚያስቀምጥ ወጣት ሳይ ደስ ይለኛል፤ እኔ ያላደረግሁት ነውና። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ደግሜ አልጠየቅኋቸውም። አታውራ ሲሉኝ አትጠይቅም ያሉኝ መሰለኝ። ስለዚህ ወጣቶች፣ ዛሬ የአበባ ጉንጉኑ ከተቀመጠ በኋላ ወደ ቤት አትሩጡ። ከአንድ አባት ጎን ቁጭ በሉ። ስማቸውን፣ ጓዶቻቸውን ጠይቁ። ቢደጋግሙት እንኳ ስሟቸው።

አያቴ ሲያርፉ ከሳጥኑ አንድ ፎቶ አገኘን። አምስት ልጆች በረዶ ላይ ቆመው ይስቃሉ። ከግራ ሁለተኛው እሳቸው ናቸው። የአራቱን ስም የሚነግረን አላገኘንም። ፎቶውን ይዤው መጥቻለሁ። አባቶቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ይዤው እመጣለሁ፤ እስቲ እዩልኝ።