ከሰርግ በኋላ የሚጀምር ፍቅር
(ሐዋሳ፣ በአንድ ልብ ወለድ ምረቃ ላይ ደራሲው ያቀረበው ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ አንባቢዎች፣ የሐዋሳ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ብዙ የፍቅር ልብ ወለዶች ሰርጉ ላይ ያበቃሉ። እልልታው ይቀልጣል፤ መጽሐፉ ይዘጋል። ዛሬ የምናስመርቀው መጽሐፍ ግን ሰርጉን በሦስት ገጽ ይጨርሳል። ሙሽሮቹ እዚሁ ሐይቁ ዳር ፎቶ ይነሳሉ። ዘመድ አዝማድ «የዛሬ ዓመት የማሙሽ እናት» እያለ ይጨፍራል። ሽማግሌዎች «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው ይመርቃሉ። ዓመቱ ይመጣል። ማሙሽ አይመጣም።

የፍቅር ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በየወሩ ተስፋ ያደርጋሉ፤ በየወሩ ያጣሉ። እሷ የወር አበባዋ መምጣቱን አፍ አውጥታ መናገር ያቅታታል። እሱ ፊቷን አይቶ ይገባዋል። ምንም ሳይል ከሰል ያያይዝና ቡናውን ራሱ ያፈላል።

ውጭ ያለው ሰው ግን ዝም አይልም። «ምነው፣ ወሬ የለም እንዴ?» ይላል ጎረቤት። «እኩዮችሽ እኮ ሁለተኛ ደገሙ» ትላለች አክስት። አማትየዋ ለታኅሣሥ ገብርኤል ከገጠር መጥተው ስለት ይሳላሉ፤ ጸበል ይዘው ይገባሉ። እኚህን እናት ክፉ አድርጌ አልጻፍኳቸውም። የልጅ ልጅ ናፍቋቸዋል፣ ይኸው ነው። በጸሎታቸውም አልቀለድኩም። ጸሎቱና ምርመራው ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ምርመራው መቼ ይጀመር? የዓለም ጤና ድርጅት መካንነት የሚለው ጥንዶች ያለ መከላከያ በመደበኛነት እየተገናኙ 12 ወርና ከዚያ በላይ ሳይጸነስ ሲቀር ነው። ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ደግሞ ሐኪሞች 6 ወር እንኳ ካለፈ ኑ ይላሉ። ይኸው ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ6 አዋቂዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይህ ነገር ይገጥመዋል። እስቲ የተቀመጣችሁበትን ረድፍ ቁጠሩት። እዚህ ዝም ብለው የተቀመጡ፣ ይህን ጉዳይ ከእኔ በላይ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። መጽሐፉ የእነሱ ነው።

በእኛ ዘንድ ችግሩ ሁሌም ከሴቷ ነው ይባላል። እውነት አይደለም። አዎ፣ ሳይታከም በቆየ ኢንፌክሽን የማህጸን ቱቦ ሊዘጋ ይችላል። እንቁላል በጊዜው ላይወጣ ይችላል። ግን የወንዱም ዘር ቁጥሩ ሊያንስ፣ እንቅስቃሴው ሊደክም፣ መተላለፊያው ሊዘጋ ይችላል። አንዳንዴ ከሁለቱም ነው፤ አንዳንዴም ምክንያቱ ጭራሽ አይገኝም። የወንዱ የመጀመሪያ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ናሙና መስጠት ብቻ። እንዲያም ሆኖ ስንቷ ሴት ክኒን ስትውጥ፣ አልትራሳውንድ ስትነሳ ዓመታት ያልፋሉ። ባሏ ግን «እኔ ጤነኛ ነኝ» እንዳለ ነው። ይህ ያናድደኛል።

ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ትልቁ የፍቅር ትዕይንት መሳሳም የለበትም። ባልየው ማንም ሳይገፋው በጠዋት ተነስቶ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ውጤቱን ይዞ ይመለስና እናቱ ፊት ይቆማል። «እማዬ፣ ችግሩ ከእኔ ነው። ከእንግዲህ እሷን እንዳትጠይቂያት» ይላል። ይህን ገጽ ስጽፍ አልቅሻለሁ።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ መመላለስ ይመጣል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው፤ ጥንዶቹ ወደዚያ ያቀናሉ። እንቁላሉና ዘሩ ከማህጸን ውጭ በላቦራቶሪ ይገናኛሉ፤ ጽንሱ ወደ ማህጸን ይገባል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ልጅ እንግሊዝ አገር የተወለደችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ሕክምናው ግን ለሁሉም አይሳካም። አንባቢን በባዶ ተስፋ መሸንገል ስላልፈለግሁ ይህንንም ሳልሸፍን ጽፌዋለሁ።

ረቂቁን ያነበቡ ወዳጆቼ መጨረሻውን እንዳልናገር አስምለውኛል። ልጅ ይወለድ አይወለድ እናንተ ታገኙታላችሁ። እኔ ግን ከመጀመሪያው የቆረጥኩት ነገር አለ። ልጅ እስኪወለድ ድረስ የሁለቱ ትዳር ጎደሎ ነው የሚል ዓረፍተ ነገር በደራሲው አንደበት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም።

አሁን መድረኩን ለሚያነቡልን ወጣቶች እለቃለሁ። የሚያነቡት አማትየዋ ጸበል ይዘው የመጡበትን ምዕራፍ ነው። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።