የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲዳከም፦ ለአድማጮች ጥያቄዎች የሐኪም መልስ

አንዲት አድማጭ፦ «ከአንድ ዓመት ወዲህ እንቅልፍ የማያስወግደው ድካም ይሰማኛል፤ ሌላው ሰው በሞቀው ክፍል እኔን ይበርደኛል፤ ክብደቴም ጨምሯል። የደም ማነስ ነው ወይስ ታይሮይድ?»

ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዳንዴም አብረው ይገኛሉ። ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ሰውነት ኃይል የሚጠቀምበትን ፍጥነት ስለሚወስኑ፣ ሆርሞኑ ሲያንስ የልብ ምት ይዘገያል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ቆዳ ይሻክራል፣ ድምፅ ይጎረንናል፣ የወር አበባም ሊበዛ ይችላል። ክብደት የሚጨምረው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ኪሎ ነው። ለውጡ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ታማሚዋም ቤተሰቧም ይለምዱታል፤ «ሐሳብ ስላበዛሽ ነው» እየተባሉ ዓመታት የሚያልፉባቸው ሴቶች መኖራቸው በእጅጉ ያሳዝነኛል። በምርመራ ክፍል ከተረከዝ በላይ ያለውን ጅማት በትንሿ መዶሻ መታ ስናደርገው፣ እግሩ እንደ ወትሮው ይንቀሳቀስና ወደ ቦታው የሚመለሰው በዝግታ ሊሆን ይችላል። ይህም ቢሆን ጥርጣሬን ያጠናክራል እንጂ በሽታውን አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው የደም ምርመራ ነው።

አንድ አድማጭ፦ «ቲኤስኤች 6.2፣ ቲ4 ግን ልከኛ ነው ተባልኩ። መድኃኒት ልጀምር?»

አይቸኩሉ። ቲ4 ታይሮይድ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። ታይሮይድን ለሥራ የሚያዘው ሆርሞን ቲኤስኤች ግን የሚመነጨው ከታይሮይድ ሳይሆን ከአንጎል ሥር ካለው ፒቱታሪ ዕጢ ነው፤ ታይሮይድ ሲለግም ፒቱታሪው «ሥራ» እያለ ትእዛዙን ያበረታል፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል። እንደየላቦራቶሪው ቢለያይም የአዋቂ ልክ በግምት ከ0.4 እስከ 4 ነው። የእርስዎ ውጤት ዕጢው እየተቸገረም ቢሆን ሆርሞኑን ማዳረሱን ያሳያል። ከሌላ ሕመም በማገገም ላይ ያለ ሰውም ቁጥሩ ለጊዜው ሊጨምርበት ስለሚችል፣ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ምርመራው ይደገማል፤ ዕጢውን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት መኖራቸውም አብሮ ይታያል። ቁጥሩ ከ10 በላይ ሆኖ ከቀጠለ ብዙውን ጊዜ ሕክምና እንመክራለን፤ ለነፍሰ ጡር ግን መለኪያው ሌላ ስለሆነ መጠበቅ አይገባም። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰድ ባዮቲን ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል፣ ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን አስቀድመው ያቁሙት። ጉድለቱ ከራሱ ከፒቱታሪው ከሆነ ቲኤስኤች ልከኛ መስሎ ሊያታልል ይችላልና ቲ4ም መለካቱን ያረጋግጡ።

ሌላ አድማጭ፦ «እንቅርት የለብኝም፤ ታዲያ ይህ በሽታ ሊይዘኝ ይችላል?»

አዎን። አዮዲን በበቂ ሁኔታ በሚገኝበት አካባቢ ዋናው መንስኤ፣ ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸው፣ የሰውነት መከላከያ ዕጢውን የሚያጠቃበት ሕመም ነው፤ በዚህ ሕመም ዕጢው ሊያብጥም ሊሟሽሽም ይችላል። በአንጻሩ ትልቅ እንቅርት ኖሮበት ሆርሞኑ ያልጎደለ ሰው አለ። በተለይ ሊቲየም (ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት) ወይም አሚዮዳሮን (ለልብ ምት መዛባት የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ፣ ወይም ዕጢው በከፊል በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ምልክት እስኪመጣ ሳይጠብቅ በየጊዜው ደሙን ይመርመር።