የሻራኩ አሥር ወራት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በደኅና መጣችሁ።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ስለሚያቀርቡልን እኔ ወደዚያ አልገባም። የተሰጠኝን ጊዜ ለዚህ ከአጠገቤ ለተሰቀለው የሥዕል ቅጂ ላውለው።

እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። ሰውየው ጥርሱን ነክሶ፣ አገጩን ወደፊት አስግጎ አፍጥጧል። እጆቹ ከደረቱ ልብስ ውስጥ ወጥተው ጣቶቹ ተዘርግተዋል። ኦታኒ ኦኒጂ 3ኛ የተባለ፣ ካቡኪ በሚሉት የጃፓን ባሕላዊ ቲያትር የሚጫወት ተዋናይ ነው፤ የሚጫወተው ገንዘብ ሊዘርፍ የተነሣውን ኤዶቤን ነው። እጆቹ ግን ለዚያ ፊት ያንሳሉ። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ስሕተት ነው ማለት አልሆነልኝም። ፊቱ ይደነፋል፣ እጆቹ ፍርሃቱን ያሳብቁበታል።

ሠዓሊው ቶሹሳይ ሻራኩ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1794 በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ድንገት ብቅ አለ፤ አሥር ወር ያህል ሠርቶ፣ ከ140 በላይ ሥዕሎች ትቶ ጠፋ። ማንነቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የተዋንያንን ሥዕል የሚገዛው አድናቂ ነበር፤ አድናቂ ደግሞ የሚወደውን ሰው አምሮበት ማየት ይፈልጋል። በካቡኪ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው፤ ሻራኩ ከሴቷ ጸጉርና ልብስ ሥር ያለውን የጎልማሳ መንጋጋ አልደበቀም። የዘመኑ ጸሐፊ ኦታ ናንፖ፣ እውነቱን ከልክ በላይ ለመሣል በመሞከሩ ብዙ አልቆየም ሲል ጽፎለታል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሌላም የሚቆጨኝ ነገር አለ። ይህ ሥዕል በእንጨት ላይ ተቀርጾ የታተመ ነው። የሠዓሊው ንድፍ ያለበት ስስ ወረቀት በቼሪ ጣውላ ላይ በግንባሩ ይለጠፋል፤ ቀራጺው ወረቀቱን ከእንጨቱ ጋር አብሮ ይቆርጠዋል፤ ንድፉ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ይህ በጆሮው ግንድ ላይ እንደ ክር የቀጠነው ጸጉር የቢላዋ ሥራ ነው። አታሚውም ለየቀለሙ ጣውላ እየቀያየረ፣ ወረቀቱን ከጀርባው በእጁ እያሸ ያትማል። በሥዕሉ ላይ የሻራኩ ፊርማ አለ፤ የአሳታሚው የትሱታያ ጁዛቡሮ ምልክትም አለ። የቀራጺውና የአታሚው ስም የለም።

በመካከላችን ዕድሜያቸውን እንጨት ሲቀርጹ የኖሩ አባላት ተቀምጠዋል። በእነርሱ ፊት ይህን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። ስለዚህ ከዘንድሮ ጀምሮ በኤግዚቢሽናችን ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር የቀረጸውም ያተመውም ሰው ስም ይጻፍ የሚል የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ በመጀመሪያው አጀንዳ እንድትወያዩበት እጠይቃለሁ።

ጉባኤያችን መከፈቱን አበስራለሁ። አመሰግናለሁ።