የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ «ደሴ» ተበላሽታ ወጣች፣ «ኮምቦልቻ» ፕሮግራሙን አስቆመች

በዚህ ሳምንት የስልክ ሰዓታችን ከደሴና ከኮምቦልቻ የገቡት ጥያቄዎች ሁሉም ወደ አንድ ጉዳይ ያመራሉ፤ ጽሑፍና ፋይል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በየቀኑ የሚጠራቸው ትንንሽ ፋንክሽኖች አሉ። ፋይል ይከፍታሉ፣ ጽሑፍ ይቆርጣሉ፣ ይፈልጋሉ፣ ይተካሉ። ከላይብረሪው (ከፕሮግራም ቋንቋው ጋር ከሚመጣው የዝግጁ ኮድ ስብስብ) ጋር ተዘጋጅተው ስለሚመጡ ማንም አይጠረጥራቸውም። በእንግሊዝኛ ሲሞከሩ ጸጥ ብለው ይሠራሉ። አማርኛ ሲገባባቸው ነው ጉዱ የሚወጣው። አየር ላይ ሰዓት ስላጠረኝ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ምሳሌዎቼ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ናቸው፤ ብዙዎቹ ደዋዮች የሚጠቀሙት እሱን ነው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ፣ የኮምፒውተር ተማሪ)፦ «ፕሮግራሜ የከተሞችን ስም ከፋይል ያነባል። ኡቡንቱ ላፕቶፔ ላይ ይሠራል። ላብ ውስጥ ዊንዶውስ ላይ ስከፍተው ግን አንዴ የማይነበብ ነገር ያወጣል፣ አንዴ ደግሞ ኤረር ብሎ ይቆማል። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?»

አብሽር ወንድሜ፣ ፋይልህ ጤነኛ ነው። የተሳሳተው አነባበቡ ነው።

ዲስክ ላይ የተቀመጠው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ሲሆን ባይት ይባላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለዓለም ፊደሎች ቁጥር በሚሰጠው ሰንጠረዥ ውስጥ) የገባው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 በወጣው ሥሪት 3.0 ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደላችን የራሱ ቁጥር አለው። ያ ቁጥር ዲስክ ላይ በባይት የሚጻፍበት ደንብ ኢንኮዲንግ ይባላል፤ ዩቲኤፍ ኤይት አንዱ ነው። ፋይሉ በዩቲኤፍ ኤይት ሲጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ደሴ» 2 ፊደል ናት፤ ዲስኩ ላይ ግን 6 ባይት። ቀርበን እንያት። «ደ» ማለት 225፣ 139፣ 176 ነው። «ሴ» ደግሞ 225፣ 136፣ 180። 225 ሁለቴ መጣ አይደል? በአማርኛ የምንጽፍባቸው ፊደሎች ሁሉ በ225 ይጀምራሉ።

ዊንዶውስ ላይ ኢንኮዲንጉን ሳትነግረው በፋይል መክፈቻው ፋንክሽን በ«ኦፕን» ስትከፍት፣ ፓይተን ብዙ ጊዜ የሚያነሳው 1252 የሚባለውን የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ ነው። እዚያ አንድ ባይት አንድ ፊደል ነው። 225 አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን «ኤ» ናት። ስለዚህ «ደሴ» 6 እንግዳ ምልክት ሆና ትወጣለች። ያቺ ጭረት ያላት ፊደል በየሦስት ምልክቱ ስትመላለስ ካየህ፣ አማርኛ በተሳሳተ ሰንጠረዥ እየተነበበ መሆኑን በዚያው እወቅ።

«ኮምቦልቻ» ላይ ለምን ቆመ? «ም» 225፣ 136፣ 157 ናት። በ1252 ሰንጠረዥ 157ኛው ቦታ ባዶ ነው፤ ምንም ፊደል አልተሰጠውም። ፓይተን እዚያ ሲደርስ የሚለው ስለሌለው ኤረር ይሰጣል። አራት ነጥብም ውስጧ 141 ስላለ እንደዚያው ታስቆማለች። አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ የሆነብህ ፋይሉ ውስጥ ባሉት ፊደሎች ምክንያት ነው።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። «ኦፕን» ስትጠራ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ ኤይት መሆኑን ጻፍለት፤ ስታነብም ስትጽፍም። እኔ በየቦታው ከመጻፍ ይልቅ አንዲት የራሴን ትንሽ ፋንክሽን ሠርቼ ሁሉም በእሷ እንዲያልፍ አደርጋለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ኤረሩን ለማስቀረት «ኢግኖር» (ያልገባህን ዝለል) አድርገው የሚሉህን አትስማ። ኤረሩ ይጠፋል፣ ጽሑፉ ግን አብሮ ይሄዳል፤ የምታውቀው ደግሞ ከወራት በኋላ ነው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ፣ የሒሳብ ሠራተኛ)፦ «ፕሮግራማችን ያወጣውን ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለያዩ የጽሑፍ ፋይል) ኤክሴል ላይ ስከፍት አማርኛው አይነበብም። በኖትፓድ ግን ደህና ነው።»

ኤክሴል ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ምልክት ይፈልጋል። 239፣ 187፣ 191 የሚባሉ 3 ባይቶች ናቸው፤ ዓይን አያያቸውም። ስትጽፊ ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ ኤይት ሲግ» ካልሽው ፓይተን ራሱ ይጨምራቸዋል። መልሰሽ ስታነቢም ይህንኑ ተጠቀሚ። አለበለዚያ ያ የማይታይ ምልክት የመጀመሪያው ዓምድ ስም ላይ ይለጠፍና፣ «ስም» የሚለው ዓምድ እያለ ፕሮግራሙ «የለም» ይልሻል።

ጥያቄ (ደሴ፣ ፒያሳ፣ መድኃኒት ቤት)፦ «ደንበኛ በስም እንፈልጋለን። ‹ፀሐይ› ብዬ ስፈልግ ‹ጸሀይ› ተብላ የተመዘገበችው አትመጣም። ሴትዮዋ ፊቴ ቆማለች፣ ኮምፒውተሩ የለችም ይላል።»

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ልቤን ነካው። ሰው በገዛ ስሙ ተፈልጎ መታጣት የለበትም።

ለእኛ ጆሮ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ አንድ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ለኮምፒውተሩ ግን ሁሉም ለየብቻ ናቸው። «ፀሐይ»ን ብቻ ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ፊደል 2 አጻጻፍ፣ ሁለተኛው 6 አጻጻፍ አለው። በጠቅላላው 12 ይሆናል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው በሐረጎ ቁልቁለት ስም የሚጠራ ሱቅ ያለው ሰውም ይኸው ይገጥመዋል።

ብዙ ሰው የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን ፋንክሽን (የአንድን ፊደል የተለያዩ አጻጻፎች ወደ አንድ የሚያመጣው) ይህን የሚፈታ ይመስለዋል። አይፈታም፤ ደግሞም ልክ ነው። በግዕዝ «ሰረቀ» ሌብነት ነው፣ «ሠረቀ» ግን የፀሐይ መውጣት ነው። በትግርኛ ደግሞ ሀ እና ሐ ድምፃቸውም የተለያየ ነው። ስለዚህ ማመሳሰሉ የእኛ የአማርኛ ተጠቃሚዎች ሥራ ነው።

ፕሮግራሙን ለሚሠራልሽ ልጅ እንዲህ በይው። ፊደል በፊደል በሚተካው በ«ትራንስሌት» ፋንክሽን የሚሠራ ሰንጠረዥ ያዘጋጅ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ እስከ ሳብዕ ድረስ በየሆሄው። ሃ፣ ሓ እና ኃ ቀጥታ ወደ ሀ፣ ኣ እና ዓ ቀጥታ ወደ አ የሚሉትን እንዳይረሳ። ስሙን ራሱን ግን እንዳይነካ! ደንበኛዋ እንደጻፈችው ይቀመጥ። ጎኑ ላይ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ ይኑር። አንቺ የምትጽፊውም ቃል በዚያው ሰንጠረዥ አልፎ ከዚያ ዓምድ ጋር ይነጻጸር። መታወቂያና ማዘዣ ላይ የሚታተመው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው።

ጥያቄ (ደሴ፣ ጡረታ የወጡ መምህር)፦ «ያስተየብኩትን ጽሑፍ ልጄ በፕሮግራም በዓረፍተ ነገር ሊከፋፍልልኝ ሞከረ። ግማሹ ተከፈለ፣ ግማሹ ተጣብቆ ቀረ።»

ጋሼ፣ ታይፒስቱ አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ጽፎት ይሆናል። ወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታይም። ጽሑፍ ለሚከፋፍለው ፋንክሽን ለ«ስፕሊት» ግን ሌላ ምልክት ነው። ልጅዎ ከመከፋፈሉ በፊት ጥንድ ሁለት ነጥቦችን ሁሉ በ«ሪፕሌስ» ወደ አራት ነጥብ ይለውጥ። የእንግሊዝኛው ኮለን ተደጋግሞ የተመታም አይጠፋም፤ እሱንም ይጨምር። ቃል ከቃል በሁለት ነጥብ የተለያየ የቆየ ጽሑፍ ካለዎትም «ስፕሊት» ዝም ብሎ አይቆርጠውም፤ ክፍት ቦታ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ጥያቄ (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦ «አኃዝ መሆኑን የሚፈትሸው ‹ኢዝዲጂት› ፩ ቁጥር ነው ይለኛል። ወደ ቁጥር ልቀይረው ስል ቀያሪው ‹ኢንት› እምቢ ይላል።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ዩኒኮድ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን አኃዝ ይላቸዋል፤ «ኢንት» ግን የሚቀበለው ከዜሮ እስከ ዘጠኝ የተሟላ፣ በቤት የሚቆጠር አኃዝ ነው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። ፳፭ ማለት 20 እና 5 ነው። «ዩኒኮድዳታ» ውስጥ ያለው «ኑሜሪክ» የእያንዳንዱን ዋጋ ይሰጥሃል፤ እስከ 99 ድረስ ደምራቸው። ፻ ሲመጣ ማባዛት ይጀምራል።

ጥያቄ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ዕቃ አከፋፋይ)፦ «የዕለት ሽያጭ ፕሮግራሙ ፋይል ላይ ይጽፋል። ባለፈው መብራት ጠፋ። ሲመጣ ፋይሉ ባዶ ነበር፤ የወሩ ሁሉ የለም።»

እኔም ደርሶብኛል። የዕቁብ መዝገባችንን በራሴ ፕሮግራም ስይዝ መብራት ሄዶ፣ ፋይሉ ዜሮ ባይት ሆኖ አገኘሁት። ከየአባሉ ደረሰኝ እየለቀምኩ እንደገና ጻፍኩት። ስለዚህ ምን እንደተሰማዎት አውቃለሁ።

የሆነው ይህ ነው። ፋይል በ«ደብሊው» (ለመጻፍ) ሲከፈት አሮጌው ይዘት በዚያው ቅጽበት ይደመሰሳል። አዲሱ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። መብራቱ በመሃል ከሄደ አሮጌውም አዲሱም የሉም።

ባለሙያዎ እንዲህ ያድርግ። መጀመሪያ እዚያው ፎልደር ውስጥ በሌላ ስም ጊዜያዊ ፋይል ይጻፍ። ጽፎ ሲጨርስ በ«ፍላሽ»ና በ«ኤፍሲንክ» ዲስኩ ላይ እንዲወርድ ያስገድድ፤ ምክንያቱም ሲስተሙ «ጻፍኩ» ብሎ ገና ሜሞሪ ላይ ይዞት ሊሆን ይችላል። ከዚያ «ኦኤስ» በሚባለው የፓይተን ክፍል ውስጥ ባለው «ሪፕሌስ» ጊዜያዊውን በዋናው ቦታ ይተካ። ስሙ ከጽሑፉ «ሪፕሌስ» ጋር አንድ ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። መብራት በየትኛውም ሰዓት ቢሄድ ወይ የትናንቱ ሙሉ ፋይል፣ ወይ የዛሬው ሙሉ ፋይል ይኖርዎታል። ጊዜያዊው ሌላ ዲስክ ላይ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ ለዚህ ነው እዚያው ፎልደር ያልኩት። በየማታውም አንድ ቅጂ ፍላሽ ዲስክ ላይ ይያዙ።

ጥያቄ (ደሴ፣ ጸሐፊ)፦ «ዊንዶውስ ላይ የነበሩ ደብዳቤዎችን ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ስገለብጥ አንዳንዶቹ ‹ስሙ ረዝሟል› ተብለው ቀሩ።»

ሊኑክስ የፋይል ስም የሚለካው በባይት ነው፤ ጣሪያው 255 ነው። አማርኛ በፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ከ85 ፊደል አያልፍም። የፒዲኤፍ ቅጥያ ከነነጥቧ 4 ባይት ስትወስድ 83 ይቀርሻል። ስሙን በፕሮግራም የምታሳጥሪ ከሆነ በባይት አትቁረጪው፤ የመጨረሻው ፊደል መሃሉ ላይ ይሰበራል። በፊደል ቁረጪው፣ የደብዳቤውን ሙሉ ርዕስ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ አኑሪው።