ቼርኖቤል ለመግባት ምን ይያዛል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት በ1986 ዩክሬን ውስጥ ስለደረሰው የቼርኖቤል ኒውክሌር ጣቢያ አደጋ ከተወያየን ወዲህ የስቱዲዮው ስልክ አላረፈም። አብዛኛው ደዋይ ማወቅ የፈለገው ቦታውን ገብቶ ማየት ይቻል እንደሆነ ነው። እንግዳችን የጨረራ ደኅንነት ባለሙያ ናቸው፤ ከሩሲያና ዩክሬን ጦርነት በፊት በአስጎብኚ ገብተው አይተውታል። ቀናቱና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አድማጭ ከዋርሶ፦ እኔና ሦስት ጓደኞቼ ሐምሌ ላይ ቼርኖቤል ልንገባ አስበናል። ጭምብል፣ የጨረራ መለኪያና ድንኳን ገዝተናል። አንዱ ጓደኛችን በጫካው በኩል ሾልኮ መግባት ይቻላል ይላል። ሌላ ምን እንያዝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድንኳኑን ለሌላ ጉዞ አስቀምጡት። አሁን ወደዚያ የሚኬድበት ጊዜ አይደለም። ይህን የምልህ ጨረራውን ፈርቼ አይደለም፤ የምፈራላችሁ ፈንጂውን ነው። የሩሲያ ጦር በየካቲት 2022 ከቤላሩስ ተነስቶ በጣቢያው ዙሪያ ባለው የተከለለ ቀጣና በኩል አልፎ ገባ፤ ለቆ የወጣው በመጋቢት መጨረሻ ነው። በጫካው ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ ቀርቷል፤ ቀጣናውም ለጎብኚ ተዘግቷል። በየካቲት 2025 ደግሞ የፈነዳውን የኒውክሌር ማብላያ የሸፈነውን ግዙፍ የብረት ጣሪያ ድሮን መትቶ ቀድዶታል። የገዛችሁት መለኪያ ስለ ጨረራ እንጂ እግራችሁ ሥር ስላለው ፈንጂ የሚነግራችሁ ነገር የለም። አራት ወጣቶች በጦርነት ጊዜ፣ በጨለማ፣ ካሜራና መሣሪያ ይዘው ድንበር አካባቢ ሲሹለከለኩ ያየ ወታደር ምን እንደሚያስብ ደግሞ አንተው ገምት። ያንን ጓደኛችሁን እባካችሁ እንቢ በሉት።

በሰላሙ ጊዜ አሠራሩ ግልጽ ነበር። ፈቃድ ቀድሞ ይወጣል፣ የፓስፖርት ቁጥር ይመዘገባል፣ ዲትያትኪ የሚባለው ኬላ ላይ ትፈተሻለህ፣ ከዚያ በኋላ ከአስጎብኚህ አትለይም። በ2019 ብቻ ከ120,000 በላይ ሰው በዚህ መንገድ ገብቶ ወጥቷል። ተመልሶ ሲከፈት የእናንተም ዕቅድ የሚጀምረው ከፈቃዱ ይሁን።

አድማጭ ከአዲስ አበባ፦ በቪዲዮ የማያቸው ጎብኚዎች ጂንስና ሹራብ ለብሰው ነው የሚዞሩት። እንዴት አይታመሙም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ፣ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው። ጨረራው እንደ ጭጋግ እኩል አልተዘረጋም። የጸዳ አስፋልት አለ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት እርምጃ ወጣ ሲባል ደግሞ የተመረዘ አፈር አለ። ጎብኚዎች በሚመላለሱበት መንገድ ላይ ያለው መጠን ብዙውን ጊዜ ከሌላ ከተማ ብዙም አይለይም። አውሮፕላን ውስጥ በረጅም በረራ ላይ በሰዓት ከ2 እስከ 5 ማይክሮሲቨርት (የጨረራ መጠን መለኪያ ነው) እናገኛለን። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚበር መንገደኛ በአንድ ቀን ጉብኝት ከሚገኘው የበለጠ ይወስዳል።

ግን የጣቢያው ሠራተኞች ይኖሩባት በነበረችው ፕሪፕያት ከተማ፣ ያ ቢጫ የመዝናኛ መንኮራኩር ያለበት አደባባይ ላይ ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ። መለኪያዬን በደረቴ ቁመት ይዤ ስሄድ ጠብ... ጠብ... ይላል። ሲሚንቶው ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ ላይ እንደ ምንጣፍ የለሰለሰ አረንጓዴ ነገር በቅሏል። ጎንበስ ብዬ መለኪያውን ሳስጠጋው ድምፁ በቆሎ ሲፈነዳ ይመስል ተንጣጣ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስል ዝም አለ። ዝናቡ ከየቦታው ያጠበው ሲዝየም የሚባል ጨረራ አመንጪ ቁስ እዚያች ስንጥቅ ውስጥ ተጠራቅሟል።

ስለዚህ ዋናው ነገር አቧራውንና አፈሩን ከሰውነትሽ ማራቅ ነው። ከውጭ የሚመጣው ጨረራ ራቅ ስትይ ይቀንሳል፤ የዋጥሽው ወይም የተነፈስሽው ቅንጣት ግን አብሮሽ ቤትሽ ይገባል። እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ድፍን ጫማ። መሬት ላይ አትቀመጪም፤ ቦርሳም ሆነ የካሜራ መቆሚያ አታሳርፊም፤ ደጅ ላይ አትበዪም፣ አታጨሺም። እንጉዳይና የጫካ ፍሬ የሚባል ነገር በአፍሽ አይዞርም፤ ሁለቱም ሲዝየም ይሰበስባሉ። ስትወጪ በሩ ላይ መለኪያ መቆሚያ አለ፤ እግርሽን በቦታው አድርገሽ፣ መዳፍሽን ግራና ቀኝ ለጥፈሽ አረንጓዴ መብራት ትጠብቂያለሽ። ጫማሽ ከጮኸ ይታጠባል፤ ታጥቦም ካልጠራ እዚያው ይቀራል።

አንድ ቦታ ግን የትኛውም ልብስ ቢኖርሽ አትግቢ፤ የፕሪፕያት ሆስፒታል ምድር ቤት። በዚያች ሌሊት እሳቱን ያጠፉት ሰዎች ልብስና ጫማ እዚያ ተጥሎ እስካሁን አለ፣ እስካሁን ጨረራ ይተፋል። በአደጋው ማግስት በነበሩት ወራት በጨረራ ሕመም የሞቱት የእሳት አደጋ ሠራተኞችና የጣቢያው ሰዎች 28 ናቸው። ቪዲዮ ለመቅረጽ ሲሉ ያንን ልብስ የሚነካኩ ወጣቶችን ሳይ በጣም አዝናለሁ።

አድማጭ ከሐዋሳ፦ ከመግባት በፊት የአዮዲን ኪኒን መዋጥ ይጠቅማል?

መልስ፦ አይጠቅምም። ኪኒኑ የሚከላከለው አዮዲን 131 የሚባለውን ጨረራ አመንጪ አዮዲን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በየ8 ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ በ1986 በጋ ላይ አልቋል። አሁን ያለው በአመዛኙ ሲዝየምና ስትሮንሽየም ነው፤ ሁለቱም በግማሽ የሚቀንሱት በየ30 ዓመቱ ገደማ ነው። ለእነሱ ኪኒኑ ምንም አያደርግም።

አድማጭ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ በደርግ ጊዜ ኪየቭ ተማሪ ነበርኩ። አደጋው በደረሰ በአምስተኛው ቀን ለሜይ ዴይ ሰልፍ ወጥተናል፤ ማንም ምንም አልነገረንም። አሁን ስልሳዎቹ ውስጥ ነኝ፤ ልጄን ወስጄ ቦታውን ላሳያት እፈልጋለሁ። ዳግመኛ መጋለጥ ያሰጋኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ የእርስዎን ዓይነት ታሪክ የያዙ ብዙ ሰዎች አሉን፤ ሳይጠይቁ ዓመታት ያለፉባቸው። ማብላያው የፈነዳው ሚያዝያ 26 ቀን 1986 ከሌሊቱ 1:23 በአገሩ ሰዓት ነው። የፕሪፕያትን ሕዝብ፣ ወደ 49,000 ሰው፣ በማግስቱ በአውቶቡስ አወጡት፤ «ለሦስት ቀን ነው» ብለው። ነፋሱ ወደ ኪየቭ የዞረው እናንተ ሰልፍ ልትወጡ አካባቢ ነበር። ሰልፉን መሰረዝ ይችሉ ነበር፣ አልሰረዙትም። ይህን በደል ማቅለል አልፈልግም።

ስለ ጤናዎ ግን ላረጋጋዎ። ያኔ ክፉኛ የተጎዱት ሕፃናት ናቸው፤ አዮዲኑ ከሣር ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተት፣ ከወተቱ ወደ ትንሿ የታይሮይድ ዕጢያቸው ገባ። ያኔ አዋቂ የነበረ ሰው ላይ ያለው ሥጋት ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ቢሆንም ለሐኪምዎ «በ1986 ኪየቭ ነበርኩ» ብለው ይንገሩ፤ አንገትዎን ይይልዎት፣ ይመዝገብልዎት። ቀጣናው ሲከፈት በአስጎብኚ ለአንድ ቀን ቢገቡ ያለፈውን የሚያባብስ ነገር የለም። ጸጥታው ሲፈቅድ ደግሞ ኪየቭ ውስጥ የቼርኖቤል ሙዚየም አለ፤ ልጅዎን መጀመሪያ እዚያ ይውሰዷት።

አድማጭ ከቶኪዮ፦ እኔ በ2011 የኒውክሌር አደጋ ለደረሰባት ፉኩሺማ ቅርብ ነኝ። እዚያስ?

መልስ፦ አንቺ ዕድለኛ ነሽ፤ ፈቃድ ሳትለምኚ የምታዪው ብዙ አለ። የጆባን ባቡር ከመጋቢት 2020 ጀምሮ እንደገና ይሠራል፤ ፉታባ ላይ ትወርጃለሽ፤ የአደጋው መታሰቢያ ሙዚየም እዚያ አለ። በአጥር የተዘጋ መንገድ ስታዪ ተመለሺ። የተከፈተ ባዶ ቤት ብታዪም አትግቢ፤ ባለቤቱ በሕይወት አለ፣ አንድ ቀን እመለሳለሁ ብሎ ይሆናል።

እዚያው አካባቢ ናሚዬ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከባሕሩ 300 ሜትር ላይ፣ ኡኬዶ የሚባል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። በመጋቢት 11 ቀን 2011 ምድር እንደተናወጠች መምህራኑ ልጆቹን ይዘው ወደ ኮረብታው ሮጡ፤ ማዕበሉ ሕንፃውን ሲመታ ውስጡ ማንም አልነበረም። ሁሉም ተረፉ። በማግስቱ ግን በኒውክሌሩ ጣቢያ ምክንያት አካባቢው ሁሉ ውጡ ተባለ፤ በፍርስራሹ ውስጥ የሰው ፍለጋ ተቋርጦ ለአንድ ወር ያህል ቆመ። ሕንፃው እንዳለ ተጠብቆ ከ2021 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው። ግማሽ ቀን ብቻ ካለሽ፣ ከሙዚየሙ ይልቅ ትምህርት ቤቱን ምረጪ።